ፈረሶቹን አይቻለሁ ወይስ አላየሁም? የ1992 የጎጃም ጉዞ ፎቶዎቼን አንዴ እዩልኝ

የማርቆሱ፦

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

እናቴ ከደብረ ማርቆስ በሰው እጅ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ላከችልኝ። ቆሎ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ስከፍተው ፎቶ ነው። ቤት ስታጸዳ አልጋ ሥር ነው ያገኘችው። 58 ፎቶ፣ ግማሹ አልበም ላይ ተጣብቆ ግማሹ ደግሞ እንዲሁ ተበትኖ፣ ከሥሩ በወረቀት የተጠቀለለ ኔጋቲቭ።

በ1992 ጥር ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለን ለሴሚስተር ዕረፍት አራት ሆነን ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ድረስ የሄድንበት ጉዞ ነው። ከአራታችን የጎጃም ልጅ እኔ ብቻ ስለነበርኩ አስጎብኚውም፣ የማደሪያ ስፖንሰሩም፣ አውቶቡስ ሲዘገይ የሚሰደበውም እኔ ነበርኩ። ካሜራው አክስቴ ከውጭ ይዛ የመጣችው ያሺካ ነው፤ ያ ጥጉ ላይ በብርቱካናማ ቀለም ቀን የሚጽፈው ዓይነት። ሁለት ባለ 36 ፊልም አዋጥተን ገዛን። 72 ፎቶ ለአራት ሰው! አሁን ልጄ ለአንድ ማኪያቶ ያን ያህል ታነሳለች።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። እኔ ኢንጅባራ ላይ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞችን እንዳየሁ ለሃያ ምናምን ዓመት ሳወራ ኖሬያለሁ። ለሚስቴ አውርቻለሁ፣ ለልጆቼ አውርቻለሁ፣ ሥራ ቦታ እንኳ የማያውቅ የለም። ቆርቆሮው ሲመጣ ሁለት የፈረስ ፎቶ አገኘሁና በደስታ ቴሌግራም ላይ ለድሮ ጓደኞቼ ለጠፍኩት። አንዱ ወዲያው ምን አለ? «ቀኑን እየው። ጥር 22 ነው። እነዚህ ገበያተኞች ናቸው። አንተ በዓሉን በቴሌቪዥን ነው ያየኸው።» እውነትም ጥጉ ላይ '00 1 31 ይላል። ቆጥሬ ሳየው 22 ነው የሚመጣው። ጥሬ ሥጋ ተወራርደናል፣ ለአራት ሰው።

ሌላም ግራ የሚያጋባ አለ። የጢስ ዓባይ ፎቶ ላይ ውሃው ብዙ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ወር ስሄድ ግን ቀጭን ክር ነበር ያየሁት። ታዲያ ያ ፎቶ የጥር ነው ወይስ ከሌላ ጉዞ የተቀላቀለ? ደግሞም አልበሙ ላይ የተጣበቁትን እንዴት ነው የማነሳቸው? አንዱን ስስብ የጓደኛዬ ግማሽ ጭንቅላት አልበሙ ላይ ቀረ።

አሁን እንደ ድሮው ብድግ ብሎ ያንን መንገድ መሄድ ቀላል ስላልሆነ ይሁን ዕድሜ ይሁን እንጃ፣ እነዚህን ፎቶዎች እየደረደርኩ ሌሊቱ ይነጋል። እርዱኝ።

ባለ ፎቶ ቤቱ፦

በማርያም አትላጠው! ካሁን በኋላ አንድም እንዳትስብ።

ባሕር ዳር ከአሥር ዓመት በላይ ፊልም ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን የጉርድ ፎቶና ላሚኔሽን ነው ሥራዬ፤ ያም እንጀራ ነው። ያንተ አልበም ያ ገጹ ሙጫ የተቀባው፣ ላስቲክ የሚሸፈንበት ነው አይደል? ሲወጣ ጊዜ ሁሉም ቤት ገባ፣ ሠርግ የሚደግስ ሁሉ እሱን ነበር የሚገዛው። ሙጫው ሲያረጅ ፎቶውን ይዞ ይቀራል። መጀመሪያ ላስቲኩን ገልጠህ እንደተጣበቀ በስልክህ አንሳው፣ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ፍላሽ አጥፍተህ። ቢበላሽ እንኳ ያ ይተርፍሃል። ቀጥሎ የጥርስ ክር ፈልግ፣ ያ በጥርስ መሃል የሚገባውን። በፎቶውና በገጹ መሃል አስገብተህ ግራና ቀኝ እንደ መጋዝ ቀስ እያልክ ሂድ። እምቢ ካለህ ተወው፣ ገጹን በመቀስ ዙሪያውን ቆርጠህ ከነገጹ አስቀምጠው። ውሃ የለም፣ አልኮል የለም፣ በሶፍት መጥረግም የለም።

ዋናው ሀብትህ ግን ቆርቆሮው ሥር ነው ያለው። ሰው ሁሉ ፎቶውን ያስቀምጥና ኔጋቲቩን ይጥለዋል፣ ልጆች ፀሐይ ማያ ያደርጉታል፣ ያንተ እናት ግን ጠቅልለው አኖሩት። እድሜ ይስጥልህ በላቸው። በጠርዙ ብቻ ያዘው፣ ጣትህ መሃሉን እንዳይነካ። የላፕቶፕህን ስክሪን ነጭ አድርገህ ከስክሪኑ ትንሽ ከፍ አድርገህ በስልክ አንሳው፣ ከዚያ ስልኩ ላይ ቀለሙን ገልብጠው። ጠርዙ ላይ፣ ከቀዳዳዎቹ አጠገብ ቁጥር አለ፣ እስከ 36 የሚሄድ። የካሜራው ቀን ሰው የሞላው ነው፣ ሊሳሳት ይችላል። ያንን ቁጥር ግን ፋብሪካው ነው ያተመው። የቱ ፎቶ ከየቱ በኋላ እንደተነሳ ከዚያ ታገኘዋለህ።

ዘንገና፦

ወንድማለም፣ ስለ ፈረሱ እኔ ልናገር፣ የአዊ ልጅ ነኝ።

ጓደኛህ ስለ ፈረስ አያውቅም። የገበያ ፈረስ ጆንያ ጭኖ ነው የሚሄድ። አንተ የለጠፍከው ላይ ፎቶው ቢደበዝዝም ግንባሩ ላይ ያለው ጌጥ ይታያል፣ ኮርቻው ለብሷል፣ ጋላቢው ዘንግ ይዟል። እንዲህ ሆኖ ሽንኩርት ሊገዛ የሚወጣ ሰው አላውቅም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ነው የተመሠረተ። ጥር 23 ጊዮርጊስ ነው፣ የዓድዋ አርበኞችና ፈረሶቻቸው የሚታሰቡበት ቀን ነው። እኛ ዘንድ ፈረስ ከብት ብቻ አይደለም፤ ንጉሡ እንኳ በፈረሳቸው አባ ዳኘው ይባሉ አልነበር?

ግን ልብህን ልሰብረው ነው መሰል። ብዙውን ጊዜ ጥር 23 በፈረንጅ ጃንዋሪ 31 ነው የሚውል። ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት ሲያልፍ ግን አንድ ቀን ይገፋል። 1991 ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን 6 ነበረች። ስለዚህ 1992 ላይ ጥር 23 ፌብሩዋሪ 1 ነው። ጓደኛህ ቀኑን ልክ ነው የቆጠረ። 31 ከሆነ ዋዜማው ነው፣ ጥር 22። ፈረሰኛ ከሩቅ ወረዳ ስለሚመጣ በዋዜማው መንገድ ላይ ይታያል፤ አንተም ያየኸው ያንን ይሆናል። በዓሉን ግን አላየህም ማለት ነው።

የማርቆሱ፦

ዘንገና፣ ምነው ባልጠየቅኩህ። 😄

ስቀልድ ነው፣ አመሰግናለሁ። ጋሼ ባለ ፎቶ ቤቱ እንዳሉት ኔጋቲቩን ላፕቶፕ ላይ አድርጌ ቆጠርኩት። የመጀመሪያው ፊልም እንዲህ ይሄዳል። 2 እና 3 ቁጥር አክስቴ ቤት ማታ የተነሳነው፣ '00 1 28 ይላል። ከ9 እስከ 12 ማርቆስ የማርያም ንግሥ ነው፣ 1 29። 21 እና 22 ፈረሶቹ፣ 1 31። 24 ባሕር ዳር አሣ ስንበላ፣ ማታ፣ 2 1። ከ26 ጀምሮ ጢስ ዓባይ፣ እሱም 2 1።

ያላስተዋልኩት ነገር ደግሞ አሁን ታየኝ። ፈረሶቹ ጋ የተነሳው ጓደኛዬ የለበሰው አረንጓዴ ጃኬት አሣው ላይም አለ፣ ያውም አንገትጌው ላይ የአውቶቡሱ ቅባት እንዳለ። ያንን ጃኬት ባሕር ዳር እንደደረስን ለልብስ አጣቢ ሰጥቶት በማግስቱ በካናቴራ ነው የዞረው። ኢንጅባራና ባሕር ዳር በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። በአንድ ቀን የሆነ ነገር እንዴት ሁለት ቀን ይጻፍበታል?

አባይ በረሃ (ጡረተኛ ሾፌር)፦

እኔ ስለ ድልድዩ ነው። ከለጠፍካቸው መሃል አንዱ ላይ፣ ጎሃ ጽዮን በኩል ስትወርዱ፣ ሁለት ድልድይ ጎን ለጎን ይታያል። ያ የ1992 አይደለም ልጄ። በገመድ የተወጠረው አዲሱ፣ ጃፓኖች የረዱት፣ 2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው የተመረቀው። በ1992 አሮጌው ብቻ ነበር። ያኔ ደግሞ ድልድዩ ላይ ካሜራ ማውጣት አይታሰብም፣ ጥበቃው ወርዶ ፊልሙን ይመዝልህ ነበር። ብዙ ተሳፋሪ ሲያለቅስ አይቻለሁ። እኔ ራሴ ያንን ቁልቁለት ስንት ጊዜ በሁለተኛ ማርሽ ወርጃለሁ፣ አንድም ፎቶ የለኝም።

ለሌላውም ዘዴ ልንገርህ። ከኋላ የሱቅ ታፔላ ካለ ስልክ ቁጥሩን ቁጠረው። ስድስት አኃዝ ከሆነ ከ1998 በፊት ነው፣ አሥር ከሆነ ከዚያ ወዲህ።

የማርቆሱ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የድልድዩ ነገር አሳፈረኝ። እኔ እኮ እዚያ ቦታ ላይ አራታችን ወርደን፣ አንዱ ጓደኛችን «ይሄ ድልድይ ኳስ ሜዳ ያህላል» ሲል በጆሮዬ የሰማሁ ነው የሚመስለኝ። የፎቶው ጀርባ ሲታይ ወረቀቱም ሌላ ነው። ለካ በ2003 ለአጎቴ ለቅሶ ስመላለስ ያነሳሁት ነው። ማን ከማን ጋር እንደቀላቀለው እንጃ፣ እናቴ ትሆናለች። ጭንቅላቴ ግን ፎቶውን ተከትሎ ሰዎቹን ሁሉ ከዚያ ከ1992 አምጥቶ እዚያ አቆመልኝ። ድምፅ ሳይቀር! እንዲህ ከሆነ ስለ ፈረሶቹስ ማን ያምነኛል? እኔም ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ።

ሰዓት አስተካካይ፦

ቆይ ቆይ። ገና እጅ አትስጥ። ሁለት ነገር መልስልኝ። ማርቆስ የማርያም ንግሥ ያልከው ፎቶ ላይ ታቦት ወጥቷል? ሁለተኛ፣ የካሜራውን ሰዓት ማን ነው የሞላው፣ መቼ?

የማርቆሱ፦

ታቦቱ ወጥቷል፣ ጥላው ሁሉ ይታያል፣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ እዚያው አለች። ጥር 21 አስተርዮ ማርያም ነበር፤ እሱን ለመድረስ ነው ቅዳሜ ሌሊት ከአዲስ አበባ የተነሳነው።

ካሜራውን የሞላሁት እኔ ነኝ። አርብ ማታ አክስቴ ቤት፣ እራት በልተን፣ ባትሪ ከቀየርን በኋላ። ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ።

ሰዓት አስተካካይ፦

ጥሬ ሥጋውን ብላ። አሸንፈሃል።

ላስረዳህ። 1992 ላይ ጥር 21 ማለት ጃንዋሪ 30፣ እሁድ ነው። ታቦት በዋዜማው ቅዳሜ ዑደት አይወጣም። ያንተ ካሜራ ግን 29 ነው የጻፈው። ስለዚህ ካሜራው ቀን ላይ አንድ ቀን ወደኋላ ነው። ለምን? አርብ ማታ እራት በልታችሁ የግድግዳው ሰዓት 2 ሰዓት ገደማ ይል ነበር፣ የእኛ 2 ሰዓት፣ ከምሽቱ። አንተ ካሜራው ላይ 2:00 ብለህ ሞላህ። ካሜራው የፈረንጅ ነው፣ 2:00 ስትለው እሱ የሚገባው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። አርብ ገና ሌሊት ላይ ያለ መስሎት ቁጭ አለ። 18 ሰዓት ወደኋላ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን በማግስቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ቀን ያነሳኸው ሁሉ የትናንቱን ቀን ይይዛል፣ ከምሽቱ 12 በኋላ ያነሳኸው ብቻ ልክ ይሆናል።

አሁን የጃኬቱን ነገር እየው። ፈረሶቹን በቀን አነሳህ፣ 1 31 አለ። በዚያው ዕለት ማታ አሣ በላችሁ፣ 12 ሰዓት አልፏልና 2 1 አለ። በማግስቱ ቀን ጢስ ዓባይ ሄዳችሁ፣ አሁንም 2 1። ፈረሶቹን ያየኸው ፌብሩዋሪ 1 ነው፣ ማክሰኞ፣ ጥር 23፣ ጊዮርጊስ።

ሰዓት ሳስተካክል ስንት ሰው በዚህ ሲጣላ አይቻለሁ መሰለህ። አንዱ ባለ ዲጂታል ሰዓት ገዝቶ «ቀኑ በእራት ሰዓት ይቀየራል፣ ተበላሽቷል» ብሎ ሦስት ጊዜ መልሶብኛል።

ዘንገና፦

ኧረ ጉድ ነው! ቃሌን አንስቻለሁ። ድሮም ያ ኮርቻ የዋዜማ ኮርቻ አልመሰለኝም ነበር። (እሺ፣ መስሎኝ ነበር።)

የተከሰሰው ጓደኛ፦

ሊንኩን ላከልኝና ገባሁ። የጃኬቱ ባለቤት እኔ ነኝ።

የሰዓቱን ነገር ሁለት ጊዜ አንብቤ ወረቀት ላይ ሠራሁት፣ ልክ ነው፣ ከዚህ በላይ አልከራከርም። ግን አንድ ነገር ይመዝገብልኝ። እኔ ፈረስ አላየሁም። ከቡሬ ጀምሮ ተኝቼ ነበር። አውቶቡሱ ሲቆም ቀሰቀሱኝና ወርጄ ለፎቶ ቆምኩ፣ ከኋላዬ ምን እንዳለ አልዞርኩም፣ ሽንቴ ነበር የመጣው። ተመልሼ ተኛሁ። የፎቶው ላይ ፊቴን እዩት፣ ዓይኔ ገና አልተከፈተም። በራሴ ፎቶ ላይ ከጀርባዬ በዓል እየተከበረ ለሃያ አራት ዓመት «አልነበረም» ስል ኖርኩ።

ሥጋውን እከፍላለሁ። ለአራት ሰው ግን አይደለም፣ አንዱ አትላንታ ነው ያለው።

የጢስ ዓባይ ልጅ፦

ስለ ውሃው ጥያቄ ማንም አልመለሰልህም፤ እኔ እዚያው ነው ተወልጄ ያደግሁት።

ፎቶህ የጥር ነው፣ አትጠራጠር። ውሃው ብዙ የሆነው ስለ ክረምት አይደለም። እስከ 1993 ድረስ የነበረው ትንሹ መብራት ኃይል ጣቢያ ብቻ ነው፣ ድሮ በ1956 የተሠራው፣ ፏፏቴውን ያን ያህል አይነካውም ነበር። 1993 ላይ ሁለተኛውና ትልቁ ሥራ ሲጀምር ውሃው ከፏፏቴው በላይ ወደ ቦዩ መግባት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በበጋ የመጣ እንግዳ «ይሄ ነው እንዴ?» ይለን ነበር፣ እኛ የሸጥነው ዕቃ ይመስል እኛን ነበር የሚቆጣው። አንተ ከሦስት ዓመት በኋላ ክር ሆኖ ያየኸው ለዚያ ነው። አሁንም ቢሆን ደህና አድርጎ ማየት የፈለገ ነሐሴና መስከረም ነው የሚመጣው፤ ጭሱ ያኔ ልብስ ያርሳል።

ሌላው ስለ ራሴ ነው፣ ቅር ካላላችሁ። በ1992 ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ከጓደኞቼ ጋር አላታ ድልድይ ላይ ነበር የምንውለው፤ ያ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው፣ እንግዳ ሁሉ የፖርቹጋል ድልድይ የሚለው። ወደ ፏፏቴው የሚሄድ ሰው በዚያ ስለሚያልፍ ቅልና ነጠላ ይዘን እንጠብቃለን። ሰው ሁሉ ያነሳናል። ፈረንጁም፣ የአዲስ አበባ ተማሪውም። ተሰለፉ ይሉናል እንሰለፋለን፣ ሳቁ ይሉናል እንስቃለን። አንዳንዱ ብር ይሰጣል፣ አንዳንዱ ከረሜላ፣ አንዳንዱ «እልክላችኋለሁ» ብሎ አድራሻ ይጽፋል። አንድም ቀን የመጣ ፎቶ የለም። በስንት ሰው አልበም ውስጥ፣ ጀርመን ይሁን ጃፓን፣ ተቀምጬ እንደምኖር እንጃ። እኔ ቤት ግን የልጅነት ፎቶ የለም። የመጀመሪያው ፎቶዬ ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስፈተን የተነሳሁት ጉርድ ነው፣ እሱም ላይ ደንግጬ ነው። ልጄ «እማ፣ ሕፃን ሆነሽ ምን ትመስይ ነበር?» ስትለኝ የእሷን ፎቶ ነው የማሳያት።

ከ26 ጀምሮ ጢስ ዓባይ ነው ብለሃል። ልጆች ያሉበት ካለ ትለጥፍልኛለህ?

የማርቆሱ፦

እህቴ፣ ያልሽውን አንብቤ ትንሽ ተቀመጥኩ። እኛም «እንልክላችኋለን» ብለናል። እኔ ራሴ ነኝ ያልኩት፣ አድራሻ ሁሉ ጽፌ ነበር፣ ወረቀቱ የት እንደገባ አላውቅም።

29 ቁጥር ላይ አለ። ድልድዩ ላይ አራት ልጆች፣ ከኋላቸው ያ ባለ ካናቴራው ጓደኛዬ እንደ አባት ቆሞ። ለጥፌዋለሁ። ቀኝ ጫፍ ላይ አምስተኛ ልጅ አለች፣ ግን ግማሽ ፊቷ ተቆርጧል፣ ካሜራ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።

የጢስ ዓባይ ልጅ፦

አየሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ቀይ ሹራብ የለበሰችው የጎረቤታችን ልጅ ናት፣ አሁን ባሕር ዳር ሱቅ አላት፣ ደውዬላት እየጮኸች ነው። ቅል የያዘው ልጅ የእሷ ወንድም ነው። ሁለቱን አላወቅኋቸውም። ጫፍ ላይ ያለችው፣ ያቺ ግማሿ፣ ቀሚሱን አውቀዋለሁ። አበባ ያለበት፣ ከታች በሌላ ጨርቅ የተቀጠለ፣ እናቴ ናት የቀጠለችው። ግን እሱን ቀሚስ ከእህቴ ጋር ተራ በተራ ነበር የምንለብሰው፣ በአንድ ዓመት ነው የምንበላለጠው። ፊቱ ግማሽ ስለሆነ እኔ ልሁን እሷ ልለይ አልቻልኩም። እናቴ ደግሞ ዓይኗ ደክሟል።

ባለ ፎቶ ቤቱ፦

አንድ ነገር ልበል። ያኔ የነበሩት ማሽኖች ፎቶ ሲያትሙ ከአራቱም ጎን ትንሽ ትንሽ ይቆርጣሉ። ደንበኛ «ጆሮዬ የት ሄደ?» ብሎ ይጣላን ነበር። የታተመው ላይ የሌለ ነገር ኔጋቲቩ ላይ ሊኖር ይችላል። 29ኙን እስከ ጠርዙ ድረስ አንሳውና እየው።

የማርቆሱ፦

አነሳሁት። ጋሼ እውነትዎን ነው፣ ተጨምሯል። ሙሉ ፊት አይደለም፣ ሁለተኛው ዓይንና ጆሮ ግን አለ። ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ተንጠልጥሏል፣ ጉትቻ አይመስልም፣ ክር ነገር ነው። ቀለሙን ገና አልገለበጥኩትም፣ ኔጋቲቩ ላይ ወደ ብርቱካን ያደላ ቢጫ ነው።

ባለ ፎቶ ቤቱ፦

ኔጋቲቭ ላይ እንደዚያ የሚታየው ሰማያዊ ነው። ልጆች ጆሯቸውን ሲበሱ የሚያስሩት ክር ነው መሰለኝ።

ኔጋቲቩን ሰው ካገኘህ ላክልኝ፣ 29ኝን በትልቁ አትመዋለሁ። ሂሳቡን ከጥሬ ሥጋው ቀንሱት።

የጢስ ዓባይ ልጅ፦

እህቴ እስከ ሠርጓ ድረስ ጆሮዋን አልተበሳችም።